ግርጌ ላይ ያለችው መስመር

ሶሲና የምትሠራው ጅግጅጋ፣ ታይዋን ገበያ አጠገብ ባለው የሀምዲያ የልጆች ልብስ ሱቅ ነው። ልብስ አትሸጥም። ስለ ጥርስ ማብቀል፣ ስለ ትኩሳት፣ ስለ ልጅ ሩህሩህነትና እልህ እየጻፈች በሱቁ ድረ ገጽ ላይ ታወጣለች።

መጀመሪያ ላይ የሚያነብላት አልነበረም። በኋላ ጽሑፎቿን ለሌሎች ድረ ገጾች በነጻ መስጠት ጀመረች። በምላሹ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግርጌ ላይ ያለችው፣ አንባቢውን ወደ ሱቁ ገጽ የምታደርሰው መስመር እንዳትነካ። ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ የምትሰጠው ሊንክ የራሱ ምልክት ስላለው፣ ማን በየት በኩል እንደመጣና ምን ያህል እንደቆየ ታያለች። አዲስ አበባ ያለው ትልቁ የዜና ገጽ ብዙ ሰው ይልካል፤ ሰዉ ግን ገባ ብሎ ይወጣል። ደሴ ያለ አንድ መምህር የሚያዘጋጀው ትንሽ ገጽ የሚልካቸው ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱ ግን ተረጋግተው ያነባሉ፣ ደውለውም ያዛሉ።

«አንቺማ ሰው አይደለሽም ዋላሂ!» ትላታለች ሀምዲያ እየሳቀች። «ካራማራን አሻግረሽ ገዢ ታመጪልኛለሽ!»

አንድ ቀን የምትጽፈው ቢጠፋባት አብራት ስለምትኖረው ልጅ፣ ስለ ሮዛ ጻፈች።

ሮዛ ስምንት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት የልደት ወረቀት ስለጠየቀ አልገባችም፤ ቀን ቀን ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ተቀምጣ ሶሲና የሰጠቻትን ትጽፋለች። መልኳ ከሶሲና አይገጥምም። ሀምዲያም «አባቷን ነው የወጣችው» ብላ ደምድማለች። በ2010 ክረምት ከተማው ሲታወክ፣ ሰው በየአውቶቡሱ ሲጋፋ፣ ሶሲና ልጅቱን በነጠላ ጠቅልላ በአቅራቢያው ባለችው ቱሊ ጉሌድ ሰው ቤት ተሸሽጋ ሰንብታ ነው የተመለሰችው። ከዚያ ወዲህ ከጅግጅጋ ርቃ ሄዳ አታውቅም።

ሮዛ የሰው ጆሮ ካልያዘች እንቅልፍ አይወስዳትም። የጆሮን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ፣ እያሻሸች፣ የማይገባ ዜማ እያንጎራጎረች ነው የምትተኛው። ሶሲና ይህንን «የማውቃት አንዲት ልጅ» ብላ ጻፈችው። ስም አልጠራችም።

ጽሑፉ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ያልሰጠቻቸው ድረ ገጾች ሳይቀሩ ወሰዱት። ሀምዲያ ከደገሀቡር ተጨማሪ ሸቀጥ የሚያዝ ደንበኛ አገኘች፤ ደስታዋን አልቻለችውም።

ሶሲና ግን ውጤቱን ስትመለከት አንድ ጎብኚ ዓይኗ ውስጥ ገባ። በደሴው ገጽ ግርጌ ባለችው መስመር በኩል የመጣ ነው። ሌላ ምንም አያነብም። ያንኑ ጽሑፍ ከፍቶ ይቆያል፣ ይወጣል፣ ተመልሶ ይመጣል። ቀጥሎ የሱቁን አድራሻ ከፈተ። እሱም ላይ ብዙ ቆየ።

በማግስቱ በደሴው ገጽ ላይ፣ ከጽሑፉ ሥር፣ አንድ አስተያየት ተጽፎ አገኘች።

«ልጅቷ የምታንጎራጉረው ዜማ እንዴት ያለ ነው?»



ጽሑፉን ከሱቁ ገጽ አጠፋችው። ሌሎቹ ጋ ግን እንዳለ ነበር። እንዲያወርዱት ለመምህሩም ለሌሎቹም ጻፈች። አብዛኞቹ አልመለሱም። አንዱ «እንዲህ አንባቢ የሚያመጣ ጽሑፍ ለምን ይወርዳል?» አላት። መስመሯ በየገጹ ግርጌ ተሰክታ ሰውን ሁሉ ወደ ሱቁ ትመራለች። መስመሯ እንዳትነካ የለመነችው ራሷ ነበረች።

ጎብኚው በሚቀጥለው ጊዜ ሲታይ ቦታው ድሬዳዋ ይላል። ቦታ ጠቋሚው አንዳንዴ ይሳሳታል ብላ ራሷን ለማጽናናት ሞከረች።

የሱቁ ስልክ ጮኸ። ሮዛ ቀድማ አነሳችው። «ሃሎ? ሃሎ?» አለች። «ሶሲዬ፣ አይናገርም እኮ። ይተነፍሳል ብቻ።»

ሶሲና ስልኩን ነጥቃ ዘጋችው።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለች ሀምዲያ። «ሰሞኑን በር በተከፈተ ቁጥር ትደነብሪያለሽ።»

«የሚፈልገን ሰው አለ። ጽሑፉን አይቷል።»

ሀምዲያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ባልሽ ነው?»

ሶሲና ሮዛን አየቻት። 

«ይመታሽ ነበር?»

የሶሲና እንባ መጣ። ሀምዲያ አቀፈቻት።

«ልሂድ ሀምዲያ። ሸደር፣ የስደተኞች ካምፑ ውስጥ ሥራ አለ ይላሉ።»

«እዚያ መታወቂያሽንም የልጅቷንም ወረቀት ይጠይቁሻል፤ አለሽ? የለሽም። በካራማራ በኩል ብትወጪ ደግሞ ኬላው ላይ ከሰውየው ጋር ትገናኛላችሁ። እዚሁ እኔ ጋ ሁኚ። ማንም ቢሆን ንክች አያደርግሽም፣ ዋላሂ!» ወንድሟን ሀናድን ጠርታ በሩ ላይ አቆመችው።

ሶሲና ሮዛን ይዛ ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍል ገባች። ክፍሏ ሌላ በር የላትም። መስኮቷም በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው። ከካርቶኖቹ መሀል ተቀምጣ ልጅቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ እግሯ እስከ ወለል እየደረሰ እንኳ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። የሀናድ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የሀምዲያ። መጋረጃው ተገለጠና ሀምዲያ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ተነሺ፣ በከንቱ ነው የተጨነቅነው። ወንድ አይደለም።»

ከኋላዋ አንዲት ከሲታ ሴት፣ መንገድ ያደከማት፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። ሶሲናን አላየቻትም። ሮዛን ብቻ ታያለች። 

ሀምዲያ አንዷን ትታ ሌላዋን አየች። «ታውቂያታለሽ እንዴ? ማን ናት?»

ሶሲና እጆቿን ከልጅቱ ላይ ቀስ ብላ አነሳች።

«በዚያ ክረምት ግርግር ልጇ የጠፋችባት፣ የሮዛ እናት ናት።»