የጸጉር ቤቱ ሕግ

ዘፋኙ ሚስቱን ደብድቦ ታሰረ የተባለ ዕለት፣ ጸጉር ቤቱ ውስጥ ዝም ያለ አፍ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ሰውየውን በካቴና እያሳየ ይደጋግመዋል።

«ምን አድርጋው ነው ግን?» አለች ፋርማሲስቷ። ጭንቅላቷን የጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ከታ ስለተቀመጠች የራሷም ድምፅ አይሰማትም፤ ስለዚህ ትጮኻለች። «ዝም ብሎ የሚመታ ወንድ አለ እንዴ?»

«ወግጂ!» አለች የቤቱ ባለቤት። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ነው የሚላት። «እጁን መቁረጥ ነበር! እነዚያ ምክር ቤት የተጎለቱት ደግሞ ሕግ እናወጣለን ይላሉ። ምርጫ ሲደርስ ብቻ ነው ሚስት የምትታያቸው።»

«እና ማን ይቁረጠው?»

«እናቱ! ወንድ ልጅ የሚበላሸው ከቤት ነው። የኔን እዪ። አባቱ እኔን ሲደበድብ እያየ አደገ፤ ግን ዝንብ አይገድልም። ‹እማዬ፣ እንዳንቺ ያለች እስካገኝ አላገባም› ይለኛል። ትናንት ማታ መጥቶ ይኸው ጓዳ ተኝቷል። ጎማ ሲፈታ እጁን ብረት ቧጭሮት፣ ምስኪን።»

ፋርማሲስቷ ግማሹን ሳትሰማ ራሷን ነቀነቀች።

በሩ ተከፈተና ሻርፕ የተከናነበች ልጅ እግር ሴት ገባች። የሰፈሩ ሰው አይደለችም።

«እናቴ ጋ ልሄድ ነው» አለች። «ግንባሬን ሸፈን የሚያደርግ ነገር ሥሪልኝ፣ እትዬ። ግን ቶሎ።»

ውጭ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ክላክስ አደረገ።

እትዬ ማጠቢያው ላይ አጋድማት ጣቶቿን ጸጉሯ ውስጥ ሰደደች። ከጆሮዋ በላይ እብጠት አለ። ወደ ማጅራቷ ጸጉሩ ከነሥሩ የተነቀለበት ባዶ ቦታ አለ። ከእሱ በታች ገና ያልደረቀ ቁስል። ውሃው ቀላ።

ጸጉር ሠሪ ሁሉ የሚያውቀው ሕግ ነው፤ ጣት ያገኘውን አፍ አይጠይቅም። የጠየቋት ሴት አፍራ ትወጣለች፣ ሁለተኛም አትመለስም። እትዬ በዚህ ሁሉ ዘመኗ ጠይቃ አታውቅም። ዛሬም አልጠየቀችም።

በሩ በኃይል ተበረገደ። ልጅቷ ከነአረፋዋ ዘላ ተነሳች። ባለመኪናው ነው።

«እስካሁን? ቶሎ በይ አላልኩሽም? እዚህ መቆም አልፈልግም!» ፊቱ በንዴት ጠቁሯል።

ሰውየውን ስታይ ቀስ ብላ ተመልሳ ተጋደመች። «እሺ፣ መጣሁ» አለችው። በሩን አላትሞ ወጣ።

የእትዬ ደም ፈላ። ያ ድምፅ፣ ያ የበር አዘጋግ! ስንት ዓመት እሷም እንዲሁ «እሺ» ስትል ኖራለች። ይህችን ልጅ አሳምራ ለዚያ ሰው ብታስረክባት ሳይውል ሳያድር ይገድላታል።

የልጅቷን ጭንቅላት በፎጣ ጠቀለለች። «ዓይንሽን ጨፍነሽ ትንሽ እረፊ፣ የኔ ልጅ።» የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገችና ወደ ጓዳ ገባች።

«ተነስ ልጄ! ውጭ አንድ አውሬ ቆሟል። ሚስቱን ጨርሷታል፣ ሊወስዳትም ነው!»

ልጇ ዓይኑን እያሸ በጓሮ በር ብቅ አለ። መኪናውን ሲያይ ቆም አለ። እንቅልፉ በአንዴ ጠፋ።

«እሱን ለኔ ተዪው» አለና የጎማ መፍቻ ብረቱን አነሳ። ሌላ ጊዜ ስንት ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ፣ ዛሬ አንድም አልጠየቀም።

ባለመኪናው ሲመጣ አየው። «አንተ!» ብሎ በሩን ከፈተ። ሌላ ቃል ለመጨመር አልታደለም። የመጀመሪያው ምት መንጋጋውን አገኘው፤ ጥርስ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሁለተኛው ጉልበቱን ሰበረው። በእጁ እየዳኸ መኪናው ሥር ሊገባ ሲል በእግሩ ተጎትቶ ወጣ።

«በለው!» ትላለች እትዬ ደጃፉ ላይ ቆማ። «ሚስት መምታት እንዴት እንደሚጣፍጥ ይቅመሰዋ!»

ይህን የሰማ መንገደኛ ሁሉ እየመጣ የድርሻውን ረገጠ። አንዱ ተፋበት። ብረቱ ተነስቶ ጭንቅላቱ ላይ አረፈ፣ እንደገናም ተነሳ። ውስጥ ቴሌቪዥኑ የዘፋኙን የፍቅር ዘፈን ለቆታል፤ ፋርማሲስቷም አብራ ታንጎራጉራለች።

ሰውየው መንቀሳቀስ ሲያቆም እትዬ ተመልሳ ገባች። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። የዚያን ሁሉ ዓመት ዱላ ዛሬ የመለሰች መሰላት። ልጅቷን እጇን ይዛ አስነሳቻትና ወደ መስኮቱ ወሰደቻት።

«ነይ እዪ፣ የኔ ልጅ። ከእንግዲህ ማንም አይነካሽም።»

ልጅቷ መጋረጃውን ገለጠች።

«የወደቀው ወንድሜ ነው» አለች። «ባሌ ብረቱን የያዘው ነው።»