ንጉሡ፣ የጦር አዛዡና ቀይ እስክሪብቶው

የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዋ ጥናታቸውን ሲያቀርቡ ከመድረኩ ላይ፣ "ንጉሡን የጣለው ማንንም አለማመኑ ነው፤ የጦር አዛዡን የጣለው ግን አንድ ሰው አብዝቶ ማመኑ ነው" ብለው ሲያነቡ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው ተማሪ ማስታወሻ መያዟን አቆመች። ቃሉ የራሷ ነበር። ሁለቱን የትራጄዲ ጀግኖች ስታነጻጽር ስምንት ወር ደክማለች። ረቂቁ አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አማካሪዋ በቀይ እስክሪብቶ "ይህ ንጽጽር አያስኬድም፤ ሌላ ርዕስ ፈልጊ" ብለውበታል። እሷም አምናቸው ሌላ ርዕስ ፈልጋ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

"ንጉሡ በሦስተኛው ገቢር ዘውዱን ሲጥል…" ብለው ሲቀጥሉ፣ ፊት የተቀመጡ አንዲት አንጋፋ ተዋናይት እጃቸውን አወጡ። "ዶክተር፣ ይቅርታዎን፤ በአምስተኛው ነው። ንግሥቲቱን ስጫወት ያንን ዘውድ ከወለል የማነሳው እኔ ነበርኩ፤ ወገቤ ይመስክር!" አዳራሹ ሳቀ። አማካሪዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ከዚያ በጣታቸው ወደ ሦስተኛው ረድፍ አመለከቱ። "እሱ እንኳ የእኔ ስህተት አይደለም። ያቺ ተማሪዬ ናት የጻፈችው፤ ልጅ አይደለች እንዴ? ትሳሳታለች።"

ተማሪዋ ተነሳች። "እውነታቸውን ነው፤ ስህተቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለች። "የቀረውንም።" ረቂቁን ከቦርሳዋ አውጥታ ወደ ፊት ሄደችና ለተዋናይቷ ሰጠች። አንጋፋዋ ገጹን ራቅ አድርገው ያዙና፣ የመጨረሻው ወንበር ድረስ በሚሰማው የመድረክ ድምፃቸው፣ ከቀዩ ጽሑፍ ጀመሩ።