የሐሙሱ የእግር ውሃ

ስዩም የሞቀውን ውሃ ከከሰል ምድጃው ላይ አውርዶ ሳፋው ውስጥ ገለበጠው። ጨው ጨመረበት፤ የባሕር ዛፍ ቅጠሉንም አሸት አሸት አድርጎ ጣለበት። የማንን እግር እንደሚያጥብ ያሰበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ደግሞ የእጥበት ቀን ነው። ነርሷ ሜላት ናት የጀመረችው፣ አረቄ ለመተው ለሚታገሉት ሰዎች። ድሮ ከሩቅ የመጣ እንግዳ እግሩ እንደሚታጠበው፣ እነሱም በዚህች የመርሳ ጤና ጣቢያ ክፍል አንዱ የሌላውን እግር ያጥባል፤ ታጣቢው አጣቢውን ይመርቃል። የራሱን እግር የሚያጥብ የለም፤ ደንብ ነው። «እጥበቱ ከክኒኑ ጋር እንጂ በክኒኑ ፈንታ አይደለም» እያለች ሜላት ትቆጣ ነበር። ስዩምን ግን እውነቱን ለመናገር የያዘው እጥበቱ ነው። ሰው ተንበርክኮ እግሩን ሲያሽለት፣ አረቄው ከሐሳቡ ይወጣለታል።

አሁን የሚያሽም የሚታሽም የለም። ወልድያ ተያዘች ከተባለ ወዲህ መርሳ ተገልብጣ ወደ ውርጌሳ፣ ወደ ደሴ ፈሰሰች። ሜላት በሽተኞች ይዛ ሄደች፤ የሐሙስ ጓደኞቹም ሄዱ። ስዩም ቀረ። ጀግና ሆኖ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ በዚህ መንገድ ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ከዚህ እስከ ደሴ ድረስ ያሉት አረቄ ቤቶች በሙሉ በስሙ ይጠሩታል። ከዚህች ክፍል ከወጣ እንደሚጠጣ፣ ከጠጣም እንደማይመለስ ያውቃል። ከባድ መሣሪያው ከሰሜን በኩል እያጓራ እሱ አረቄ ፈርቶ ተቀምጧል። ሞኝ ነህ ቢሉት አይከራከርም።

«ቤቶች! ሰው የለም?»

በሩ ላይ የቆሙት እትዬ አልታየች ናቸው፤ ወልድያ ላይ ስንት ዓመት አረቄ የቀዱለት ሴትዮ። ነጠላቸው በዝናብ በስብሷል። ጀርባቸው ላይ ቢጫ ጀሪካን አዝለዋል።

«ስዩም! አንተ ነህ? በሞትኩት! ሞተ ብለውኝ አልነበር እንዴ?»

«አለሁ፣ እትዬ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ሰው በማየቱ ደስታው ልክ አጣ። ጀሪካኑን ሲያወርዱ ክዳኑ ዙሪያ ያለው ሽታ አፍንጫውን መታው፤ ያውቀዋል፣ ከእናቱ ቤት ሽታ ይልቅ ያውቀዋል። ቶሎ ብሎ ተንበረከከና የላስቲክ ጫማቸውን ከእግራቸው ላይ አላቀቀ። እግራቸው አብጦ የጫማው ጠርዝ ቆዳቸው ላይ ታትሟል።

«ተው እንጂ ልጄ፣ ትልቅ ሰው ነህ እኮ።»

«የቤቱ ደንብ ነው።»

ከጣቶቻቸው መካከል ጭቃውን አወጣ፤ ተረከዛቸውን አሸ። እትዬ አልታየች ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ቆይተው እንባቸው መጣ። ልጃቸው ሔዋን ደሴ ናት፤ እሷ ዘንድ ለመድረስ ከወልድያ ጀምሮ በእግራቸው መምጣታቸውን እያረፉ ነገሩት። ሲጨርስ እግራቸውን በሸሚዙ ጫፍ አድርቆ ሳመና ቀና ብሎ ጠበቀ። እጃቸውን አነሱ።

«ዕድሜ ይስጥህ። ጎጆህ ይሙቅ። አረቄው ከደጅህ አይ...»

አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ምን ያድርጉ፣ ደንበኛ ሲመርቁ የኖሩት እንደዚያ ነው። ተያዩና ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ስዩም እንደዚያ ከሳቀ ቆይቷል።

«በል ተነስ፣ አብረን እንሂድ» አሉት የሳቅ እንባቸውን እየጠራረጉ። «ብቻህን እዚህ ምን ትሠራለህ? ይቺን ጀሪካን ብቻ ያዝልኝ፤ ወገቤ ተቆረጠ። ከቤቴ ያወጣሁት እሷን ብቻ ነው። ደሴ ሸጬ ነው የምበላት።»

እጁ ሳያዘው ተዘረጋ። የአሮጊት ሸክም አልይዝም የሚል ሰው በዚህ አገር ተወልዶ አያውቅም። እጀታውን ሲነካው ውስጡ ያለው አረቄ ቦጭ አለ፤ የስዩም አፍ በምራቅ ሞላ። እጁን መለሰ።

«እትዬ፣ እርስዎን ልዘልዎት። ውርጌሳ ድረስ፣ ካሹም ደሴ ድረስ አዝልዎታለሁ፤ እርስዎ ጀርባዬ ላይ ካሉ የትም አረቄ ቤት አልገባም። እሱን ግን አልችልም። እዚሁ እንተወውና እንሂድ።»

«ከዚያስ ምን ልብላ?»

አልተቆጡም፤ እንዲሁ ነው የጠየቁት። ስዩም ዓይኑን ከጀሪካኑ ላይ አላነሳም። ጥቂት አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ገባኝ፣ ልጄ» አሉ። «ገባኝ።»

ያበጠውን እግራቸውን መልሰው ጫማው ውስጥ አስገቡ። ጀሪካኑን እየጎተቱ ወንበር ላይ አወጡ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ አቃስተው አዘሉት። ስዩም ግድግዳ ተደግፎ አየ። እንደዚያን ጊዜ በራሱ አፍሮ አያውቅም።

አስፋልቱ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም። ትንሽ ይሄዱና ያወርዱታል፤ ያርፋሉ፤ ደግሞ ያነሳሉ። ባወረዱ ቁጥር እግሩ ደጁን ሊሻገር ሲል መቃኑን በሁለት እጁ አንቆ ይይዛል። ዘወር ብለው አላዩትም። ቢያዩት ይሄድ ነበር።

ከመታጠፊያው ሲጠፉ እጁን ከመቃኑ ላይ አነሳ። አለመጠጣቱን የሚያውቅለት አንድ ሰው እንኳ ከተማው ውስጥ አልቀረም።