ከሁሉ በላይ ያለቀሰው

ስምንት ዓመት የሚለውን ፍርድ ከሰማች ወዲህ እናትየው እህል በአፏ ዞረ ማለት ያስቸግራል። ልጇን ይበልጣልን በድንጋይ ቀጥቅጦ ለገደለ ሰው ስምንት ዓመት! በዐቃቤ ሕጓ በር ላይ እየዋለች፣ አንዳንዴ እየለመነች፣ ሲብስባትም እየተቆጣች ይግባኝ እንድትጠይቅ አደረገቻት።

ዛሬ የይግባኙ ውሳኔ የሚሰማበት ቀን ነው። ገዳዩ ጌጡ፣ የጎረቤቷ ልጅ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ድሮም አንገት መድፋት ያውቅበታል።

ሰብሳቢው ዳኛ ማንበብ ጀመሩ። «ተከሳሹ ገና ሳይያዝ የሟችን አስከሬን ተሸክሟል፤ ሦስቱንም ቀን ከለቅሶው ድንኳን አልወጣም። ‹ከዘመድ ሁሉ በላይ ያለቀሰለት እሱ ነው፤ ሐዘኑ ከልቡ ነው› የሚል እምነት የሚጣልበት ቃልም ተሰጥቶለታል። ይህ መጸጸቱን ስለሚያሳይ፣ የሥር ፍርድ ቤት ቅጣቱን ማቅለሉ አያስነቅፍም። ስምንት ዓመቱ ጸንቷል።»

የእናትየው ደም ፈላ። ወደ ዐቃቤ ሕጓ ዞረች።

«ማን ነው እንዲህ ብሎ የመሰከረለት? ምን አብልቶት ነው? ስሙን ንገሪኝማ ልጄ፤ እንደኔ የልጁን ሬሳ ያሳየው።»

ዐቃቤ ሕጓ ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ስትሸሸው ኖራለች። ፋይሏን ቀስ ብላ ዘጋች።

«እርስዎ ነዎት፣ እማማ። በለቅሶው ሰሞን ፖሊሶች ድንኳኑ ድረስ መጥተው ስለ ጌጡ ሲጠይቁዎት የሰጡት ቃል ነው።»