በዓይኔ አይቼዋለሁ

ዶክተሩ መቀሱን አስገብተው የሞተችውን ነጭ አይጥ ሆድ ከታች ወደ ላይ ከፈቱት። የቤተ ሙከራው ኃላፊ "ፅንሶቹን ቆጥራችሁ ከደብዳቤው ጋር አያይዙልኝ" ብለዋል፤ ደብዳቤው የአይጦቹ ተንከባካቢ የስንብት ደብዳቤ ነው። ተንከባካቢው ራሱ ትሪውን ይዞ ጠረጴዛው ጫፍ ቆሟል። እታለም ለምስክርነት ተጠርታ በሩን ተደግፋለች።

ሴቶቹ ሣጥን ውስጥ ወንድ አይጥ አስገብቶ የሁለት ዓመት ጥናት ገደል ከተተ ነው የተባለው። በሕልሙም አላደረገው። ግን እታለም አፏን ሞልታ "በዓይኔ አይቼዋለሁ" ብላ ፈረመች። እታለም ማለት ሥራውን አንድ ብላ ያስተማረችው፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምሳ አብራው የበላች፣ ከእናቱ ልጅ የማይለያት ባልደረባው ናት። እሷ ካየች አየች ነው ብሎ ራሱን ጠረጠረ። ልጄ ታማ እንቅልፍ ያጣሁ ሰሞን ይሆናል አለና "አጥፍቻለሁ" ብሎ እሱም ፈረመ። ምን ያድርግ፣ ከገዛ ዓይኑ ይልቅ የእሷን ያምናል።

ዶክተሩ አንጀቱን በመቆንጠጫ ገፋ አድርገው ጎንበስ አሉ።

"ፅንስ የለም።"

"ምን አሉኝ ዶክተር?" አለ ተንከባካቢው።

"ማህፀኗ ባዶ ነው። ያበጠው የግራው የእንቁላል ከረጢቷ ነው፤ ዕጢ ነው። እንዲህ ያለውን በሃያ ዓመት ሁለቴ ባይ ነው። ሆርሞን እየረጨ ጡቷንም አሳብጦ እርጉዝ አስመስሏታል። ዓይነቱን በማይክሮስኮፕ እለየዋለሁ። አብረዋት የነበሩት አራቱስ?"

"ሆዳቸው ጠፍጣፋ ነው።"

"ወንድ ቢገባ ኖሮ እነሱም ያረግዙ አልነበር? ይህን አሁኑኑ ጽፌ እፈርማለሁ።"

ተንከባካቢው ትሪውን አስቀምጦ ወደ በሩ ዞረ።

"እታለም፣ ታዲያ ያየሽው ምንድን ነው?"

መሬት መሬት ታይ ጀመር። "ሆዷ ገፍቶ ሳይ... መቼም ያለ ወንድ አይሆንም ብዬ ነዋ። ኃላፊው ደግሞ ከሁለት አንዳችሁ ናችሁ ብለው አፋጠጡኝ። ልጆች አሉኝ እኮ።"

"እኔስ የለኝም?"

ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

"በል ተወው አሁን፣ ነፃ ወጣህ አይደል፤ ደስ ይበልህ እንጂ" አሉት ዶክተሩ ጓንታቸውን እያወለቁ።

ደስታው ከየት ይምጣ። የፈረመ ዕለት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ድረስ ተከትሏት ሄዶ፣ "አሳፈርኩሽ እታለም፣ ይቅር በይኝ" ብሏት ነበር። እሷም አንገቱን አቅፋ፣ "አይዞህ ወንድምዬ፣ ይቅር ብዬሃለሁ" አለችው።