የበቅሎ ደላላው ስልክ

መካነ ሰላም ላይ በቅሎ መከራየት የፈለገ ሰው ድሮ ቢሻውን ነበር የሚፈልገው። አሁን የትምወርቅን ይጠይቃል።

የትምወርቅ ሰው አይደለችም፤ ፊርደውስ የሠራችው መተግበሪያ ድምፅ ናት። ፊርደውስ ሒሳብ አያያዝ ተምራ፣ ሥራ አጥታ፣ አባቷ ቤት የተመለሰች ልጅ ናት። ኮድ የሚባል ነገር ጨርሶ አትጽፍም። ግን የምትፈልገውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎቱ በአማርኛ ነገረችው፣ ጻፈላት፤ ሲበላሽ ወቀሰችው፣ አስተካከለላት። ድሮ የአዲስ አበባ ልጆች ተሰብስበው ዓመት የሚፈጁበትን ነገር እሷ ጋቢ ተከናንባ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ብቻዋን ጨረሰችው። ስም ሲቀራት የእናቷን እናት ስም ሰጠቻት።

መተግበሪያ መክፈት ያልሆነለት ሰው በተራ ስልክ ይደውላል፤ የትምወርቅ ታነሳለች። ሰላም አለይኩም ላላት ወአለይኩም ሰላም፣ እንደምን አደርሽ ላላት እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች። ስለ ከብቱ፣ ስለ ቡቃያው፣ ስለ ጉልበት ሕመሙ ሳትጠይቅ ወደ በቅሎ ጉዳይ አትገባም። ወሎ ውስጥ ያለ ሰላምታ ገበያ የለም ብላ እንዲህ አድርጋ ያሳደገቻት ፊርደውስ ናት።

ወደ ከላላ ከተማ ገበያ የሚወርደውም፣ ሠርግ የደገሰውም ወደ የትምወርቅ ዞረ። በቅሎ አከራዮቹ ደስ አላቸው። ደስ ያላለው ቢኖር ቢሻው ነው፤ ሰውን ከሰው ሲያገናኝ የራሱን ጎጆ ሳያቆም የጎለመሰ ደላላ።

ፊርደውስ ፈራችው። ይሄ ሥራ ከተዘጋ ደሴ አጎቷ ሱቅ ገብታ ጨርቅ ከመለካት ሌላ ዕድል የላትም፤ አባቷ አቶ ያሲን ቁርጡን ነግረዋታል።

አንድ ቀን የደዋዮችን ዝርዝር ስታይ የቢሻውን ቁጥር ከሁሉም በላይ አገኘችው። ጧት ይደውላል፣ ከሰዓት ይደውላል። ከበቅሎ አከራዮቹ ወሬ ይልቅ የእሱ ወሬ ይረዝማል፤ በቅሎ ግን አይከራይም። የሚያወራውን ፊርደውስ አታውቅም፤ የደንበኛን ወሬ ላትሰማ ቃል ገብታለች።

«ዋጋ እየሰለለ ነው» አለች ለጓደኛዋ ለራሕማ። «ብልሃቱን ሲጨርስ የራሱን ይከፍታል።»

«አብሽሪ!» አለች ራሕማ እየሳቀች። «ቢሻው እንኳን መተግበሪያ ሊከፍት፣ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርጉለት ጎረቤቶቹ ናቸው።»

ፊርደውስ አልተጽናናችም። ማግስቱን ቢሻው መናኸሪያው አጠገብ ጠብቆ ሰላም ሲላት ደግሞ ይባስ ደነገጠች። ጢሙን ተላጭቷል፤ ኮቱ አዲስ ነው። ገበያ የጠፋበት ሰው ኮት ከየት ያመጣል? ከኋላው አንድ ሀብታም ቢኖር ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ብቻሽን ነው የምትሠሪው?»

«አንድ ረዳት አለችኝ» አለች ምስጢሯን በቀልድ ልትሸፍን። «አትበላ፣ አትተኛ፣ አታኮርፍ።»

«አላህ ያቆይልሽ» አለ ቢሻው ከልቡ። ኮቱን አስተካከለና፣ «የትምወርቅ ከየት ናት ግን?»

ፊርደውስ አያቷን አሰበች። «ከወረኢሉ ናት፣ በእናቴ በኩል።»

ቢሻው ጣቶቹን እያጠፈ በልቡ አንድ ነገር ቆጠረ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ፤ እጅ ነስቶ ሄደ። የነጠቅሁትን ደንበኛ እየቆጠረ ነው አለች ፊርደውስ በልቧ፣ ግን ምኑ ያስደስተዋል?

በዚያው ሳምንት ቢሻው የመጀመሪያ ኪራዩን ተከራየ። የያዘውም የወይዘሮ ብዙዬን በቅሎ ነው፤ ባለ ጥልፍ ግላሷን ለብሳ ሙሽራ የምትጭነውን፣ አገሩ ሁሉ የሚሻማባትን። ለመቼ እንደሆነ የትምወርቅ ስትጠይቀው «ቀኑ ሲቆረጥ እነግርሻለሁ» ማለቱ በኪራይ መዝገቡ ሰፍሯል።

«በቃ፣ በቅሎዎቹን አንድ በአንድ አስይዞ ባዶ እጄን ሊያስቀረኝ ነው!» አለች ፊርደውስ።

ቅዳሜ ራሕማ እያለከለከች መጣች።

«ቢሻው ሽማግሌ ሰብስቧል! ሸህ ሁዜይፋን፣ አቶ አሻግሬን ለምኗል። ነገ ጧት እናንተ ቤት ናቸው አሉ።»

ፊርደውስ ባለችበት ተቀመጠች። አባቷ ሽማግሌ ከደጃቸው ባዶውን መልሰው አያውቁም። «ስለ ሰውየው እንጀራ ስትሉ ይዘጋ» ከተባሉ «ይዘጋ» ነው የሚሉት። አልቅሳ ደሴ ትሄዳለች እንጂ ምን ታመጣለች።

እሑድ ጧት ሽማግሎቹ መጡ። አቶ ያሲን «ግቡ፣ አረፍ በሉ» ቢሉ፣ ቢለምኑ፣ እምቢ አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ፊርደውስ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ስልኳን እቅፍ አድርጋ ቆማለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄው ነው።

«አቶ ያሲን» አሉ ሸህ ሁዜይፋ፣ «ቢሻው በዚህ ቤት ምክንያት ሥራው እንደቀዘቀዘ አገር ያውቃል።»

«እውነት ነው» አሉ አቶ ያሲን አንገታቸውን ደፍተው።

«ግን ቂም አልያዘም። እንዲያውም ከእርስዎ ጋር ዝምድና ፈልጎ ነው የላከን። ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው የቆምነው።»

መጋረጃው ተነቃነቀ። ፊርደውስን ደሴ ሄዶ ጨርቅ መለካት እንደዚያን ጊዜ ናፍቋት አያውቅም።

«ኧረ በአላህ!» አሉ አቶ ያሲን። «ፊርደውስ እኮ ለእሱ ገና ልጅ ናት!»

«ፊርደውስንማ አላህ ያሳድግልዎ» አሉ አቶ አሻግሬ በትራቸውን ተደግፈው፤ «እኛ የመጣነው ለየትምወርቅ ነው።»