ዘጠኝ ቁጥሩ ሲወድቅ

ኤልሻዳይ ሳህሉ ዘጠኝ ቁጥር ለባሽ አጥቂ ነው። አጥቂ ሲባል ስታዲየም የሚያናውጥ እንዳይመስላችሁ፤ የሚጫወተው ጣሊያን አገር፣ ሴሪ ዲ በሚባለው አራተኛ እርከን ነው። እዚያ ተመልካቹ በረኛውን በቁልምጫ ስሙ ይሰድበዋል፤ ከጨዋታው በኋላ ደግሞ አብሮት ቢራ ይጠጣል። አንድ ሰሞን ሴሪ ሲ ደርሶ ነበር፤ ጉልበቱ ተጎዳና ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ክለብ ይቀይራል፤ አዲሱም ሁልጊዜ ካለፈው ያንሳል።

እናቱ አስካለማርያም አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ሆና አንድ ጨዋታ አያመልጣትም። የእሑዱ ጨዋታ ከቅዳሴ ጋር ስለሚገጥም ስልኳን ነጠላዋ ሥር ትደብቃለች። ሴቶቹ ያውቃሉ፤ ጎል ሲገባ ያለ ቦታው "አሜን" ስለምትል።

አባቱ ሳህሉ ትራክ ነጂ ነው። "ኳስ የልጅ ጨዋታ ነው" ብሎ ከልጁ ጋር ከተኳረፈ ዓመታት አልፈዋል። ልጁም "ሴሪ ሲ ሳልመለስ ሚኒሶታን አልረግጥም" ብሎ ምሏል። ግትርነቱን ከማን እንደወሰደ መጠየቅ አያስፈልግም።

ያለፈው እሑድ ኤልሻዳይ በጭንቅላት ሊገጭ ዘለለ፤ ከተከላካይ ጋር ተላተመና ወደቀ። አልተነሳም። ቃሬዛ ወደ ሜዳ ሲገባ ስርጭቱ ተቋረጠ።

ማታ ሳህሉ ጭነት ይዞ ከሄደበት ሞንታና ደወለ።

"ስንት ለስንት ወጡ?" አለ እንደ ዋዛ። ስለ ልጁ የሚጠይቀው ይህችን ብቻ ነው።

"ወድቋል። ስልኩንም አያነሳም።"

"አጥቂ ካልወደቀ ፍጹም ቅጣት ምት ከየት ያገኛል? ይነሳል፤ ተኚ" አላት።

ሰኞ ስትደውል ዋለች። ኤልሻዳይ አላነሳም።

ማክሰኞ ልጇ ፋና ሥራ ቀርታ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

"አለርጂ ነው፣ ማም። ስልክሽን ስጪኝ፤ አፕዴት ላድርግልሽ።"

ወሰደችው፤ አልመለሰችውም።

"ሥራ አረፍዳለሁ እኮ።"

"ኮል አድርጌ ነግሬያቸዋለሁ። ዛሬ ኦፍ ነሽ።"

አስካለማርያም ነገሩ ገባት። እዚህ አገር መርዶ ከፌስቡክ ጋር እሽቅድምድም ነው፤ ሐዘንተኛው ሳይረዳ የሟቹን ፎቶ እንዳያይ መጀመሪያ ስልኩ ይወሰዳል። እሷ ራሷ ከስንቷ ጓደኛዋ እጅ ወስዳለች።

"ወንድምሽ ደወለ?"

"ሂ ኢዝ ፋይን፣ ማም" አለች ፋና፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ከሰዓት የሳህሉ ጓደኛ ሙላው መጣ። "ሳህሉ ስልኩ ተሰብሮበታል፤ እንዳታስቢ" አለና ከፋና ጋር ጓዳ ገብተው ተንሾካሾኩ። ሲወጣ የሳህሉን ጥቁር ሙሉ ልብስ በክንዱ ይዟል። ሳህሉ ሰምቷል ማለት ነው፤ የልጁን ለቅሶ ሊቀመጥበት ነው፤ አለች በልቧ።

አልጠየቀችም። እስካልጠየቀች ድረስ ልጇ አልሞተም።

መኝታ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች፤ ሥዕሉ ፊት ተንበረከከች። "ጌታዬ፣ ኳሱ ይቅርበት። እግሩም ይሰበር፣ ግድ የለኝም። ሌላ የፈለግኸውን ውሰድ፤ እሱን ብቻ ተውልኝ።" ድምፅ እንዳይወጣት የአልጋ ልብሱን ነከሰች።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፊት የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ሰረቀብርሃን፣ ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

"ተቀመጪ፣ አስካለ። የደም ግፊት ኪኒንሽን ወስደሻል?"

"አውቄዋለሁ፣ ጋሼ። ልጄ ነው። ኤልሻዳዬ ነው።" ደረቷን መታች።

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ፋናን አዩ። "ኧረ ልጅሽ ደህና ነው" አሉ።

"አታባብሉኝ። እኔ ልሂድለት፤ እኔ ልውደቅለት።" መሬት ላይ ተዘረረች። ሴቶቹ ሊያነሷት ቢሞክሩ አቃታቸው።

ጋሽ ሰረቀብርሃን ወደ ደጅ ዞሩ። "ሙላው፣ ቶሎ አስገባው።"

ሙላው ከኤርፖርት ያመጣው ሰው በሴቶቹ መሃል አልፎ ገባ። ግንባሩ በፋሻ ታስሯል፤ የሆስፒታሉ መለያ ከእጁ አልወለቀም። ኤልሻዳይ ነበር።

አስካለማርያም ከወለሉ ተነስታ እልል አለች። ፊቱን፣ ጆሮውን፣ ትከሻውን ዳበሰች። እየሳቀች፣ እያለቀሰች፣ "ስልክህን ለምን አታነሳም፣ አንተ ልጅ?" ትለዋለች። እሱ አንገቷ ሥር ገብቶ ይንሰቀሰቃል። ናፍቆት መሰላት። እልልታዋን የተቀበላት ሰው አልነበረም።

"ምን ያስለቅሳችኋል? ይኸው ቆሟል እኮ። ሙላው፣ በሞቴ፣ ሳህሉን ፈልገህ አግኝልኝ። ልጅህ መጣ በለው። ኩርፊያው ይብቃ፣ ትራኩን አዙረህ ና በለው።"

ሙላው ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ጋሽ ሰረቀብርሃን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"አስካለ፣ ልጅሽ የመጣው አባቱን ሊቀብር ነው።"